ሰባት ሆነን የእንቁጣጣሽ ሎተሪ እንቆርጣለን፤ የእናንተ ገድ ምንድን ነው?

ሰባተኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ቢሮ ውስጥ ሰባት ሆነን በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ እንቆርጣለን። ነሐሴ ጋመስ ሲል እናዋጣለን፣ አንድ ሰው ወርዶ ሰባት ትኬት ገዝቶ ይመጣል፣ የትኛውም ቢወጣ ለሰባት እንካፈላለን። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመታችን ነው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ወጥቶልናል። ሁለቱም ጊዜ የገጠመችልን የመጨረሻዋ አንድ ቁጥር ብቻ ናት። ብሩ ለቡናና ለፓስቲ ነው የበቃው፤ ግን ያን ቀን የነበረውን ጩኸት ብትሰሙ አንደኛ ዕጣ የወጣልን ነበር የሚመስላችሁ።

ሁለቱንም ጊዜ ወርደው የገዙልን የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ሌላ ሰው በወረደባቸው ዓመታት ምንም ጠብ አላለልንም። በዚህ የተነሳ «የእማማ እጅ እርጥብ ነው» ተባለና እሳቸው ብቻ እንዲገዙ ተስማማን። አሁን ግን እማማ ሰኔ ላይ ጡረታ ወጡ።

ማን ይውረድ የሚለው ጭቅጭቅ ሆኗል። ሒሳብ ክፍል ያለው ልጅ መጨረሻው 7 ካልሆነ ብር አላዋጣም ይላል። ሌላዋ ቁጥር መምረጥ ገድ ያርቃል፣ ሻጩ የሰጠንን ነው መቀበል ትላለች። አንዱ ደግሞ አምና የወጣው ቁጥር ዘንድሮ አይደገምም፣ እሱን እንተው ባይ ነው። እኔ የቀኝ መዳፍ ሲበላ ገንዘብ ይገባል እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ መዳፌን ሳይበላኝ መውረድ አልፈልግም።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። እናንተ ዕጣ ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ? በእውነት የሚሠራ ዘዴ ካለስ?

የልደታው

እህቴ፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሎተሪ ሳይቆርጥ የቀረበት ወር አላስታውስም። ትኬቱን ይዞ ሲገባ ለማንም አያሳይም። ቀጥ ብሎ ሄዶ መዝሙረ ዳዊቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ስለ ሎተሪ የሚያወራ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይቆጣል። «ያልወጣ ዕጣ አይወራም፣ ዓይን አለ» ነበር የሚለው። እናቴ አንድ ጊዜ «ቢወጣልን ጣሪያውን እናድሳለን» ስትል ሰምቶ ቀኑን ሙሉ አኮረፈ።

ህልምም ይከታተል ነበር። ሰገራ ካየ ገንዘብ ነው፣ ጠዋት ተነስቶ ሳይቀምስ ትኬት ሊገዛ ይወጣል። መንገድ ላይ ውኃ የሞላ እንስራ የተሸከመች ሴት ካጋጠመችው ደስ ይለዋል፤ ባዶ እንስራ ከሆነ ግን ተመልሶ ቤት ገብቶ ትንሽ ቁጭ ብሎ እንደገና ይወጣል። አሁን በቧንቧ ዘመን እንስራ ከየት ይመጣል፣ ቢጫ ጀሪካን ነው ያለው። እኔ ግን እስከዛሬ የሞላ ጀሪካን ሳይ ልቤ ደስ ይለዋል።

ትልቁ ዕጣ ወጥቶለት አያውቅም። ሲሞት ዳዊቱን ስንከፍተው አስራ አንድ አሮጌ ትኬት አገኘን። አንዱም አልተጣለም። እኔም ትኬቴን እዚያው ነው የማስቀምጠው።

ጠመኔ

የሒሳብ መምህር ነኝ። ቁጥር መምረጥን በተመለከተ እኔ ልመልስልሽ።

ማሽኑ አምና ምን እንዳወጣ አያውቅም። የታተመ ትኬት ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከሌላው እኩል ዕድል አለው፤ 777777ም ሆነ 402913 ልዩነት የላቸውም። ተማሪዎቼ ይህን አላምን ሲሉኝ አንድ ቀን አስር ቆርኪ ሰብስቤ ከ0 እስከ 9 ጻፍኩባቸው፣ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና መቶ ጊዜ አስወጣኋቸው፤ በየጊዜው የወጣውን መልሰን እየከተትን። ሁሉም ቁጥር አስር አስር ጊዜ የሚወጣ መስሏቸው ነበር። 4 አስራ ስድስት ጊዜ ወጣ፣ 9 ስድስት ጊዜ ብቻ። ወዲያው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «4 ገደኛ ነው» አለ፣ ግማሹ «9 ዕዳ አለበት፣ አሁን ተራው ነው» አለ። በሚቀጥለው ቀን ደገምነው። 4ም 9ም እንደ ማንኛውም ቁጥር ሆኑ። ገድ የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይገጥማል፣ እኛ ምክንያት እንፈልግለታለን።

አሁን ደግሞ የሚሠራው ዘዴ። እናንተ ሰባት ትኬት ነው የምትገዙት። የመጨረሻ አንድ ቁጥር ለገጠመ ሰው ትንሽ ዕጣ አለ አይደል? ሰባቱን ትኬት እንደመጣ ከገዛችሁ ሁለት ሦስቱ በአንድ ዓይነት ቁጥር ሊያልቁ ይችላሉ። እንዲሁ እንደመጣ ሲገዛ ቢያንስ አንዱ የመግጠም ዕድሉ ከመቶ ሃምሳ ሁለት አካባቢ ነው። ሰባቱም በተለያየ ቁጥር እንዲያልቁ አድርጋችሁ ከመረጣችሁ ግን ሰባ ይሆናል። አስር ትኬት በአስር የተለያየ መጨረሻ ከተገዛማ አንዱ የግድ ይገጥማል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ሀብታም አያደርግም። አስሩን የገዛሽበት ብር ከዚያች ማስተዛዘኛ ይበልጣል። እንደመጣ ከገዛችሁ ደግሞ አንዳንዴ ሁለት ትኬት በአንድ ጊዜ ሊገጥም ይችላል፣ ስለዚህ በረጅሙ ሲታሰብ የሚገኘው ብር ያው ነው። የሚለወጠው ባዶ እጅ የምትቀሩበት ዓመት ቁጥር ነው። ለእናንተ ዓይነት፣ ለጨዋታና ለቡና ለሚቆርጥ ሰው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው ባይ ነኝ። አንደኛ ዕጣን በተመለከተ ምንም ዘዴ የለም፤ ሰባት ትኬት ሰባት ዕድል ነው።

ስለ 7 የሚጨቃጨቀውን ልጅ ደግሞ አትከልክሉት። አንዱ ትኬት በ7 ይለቅ። ምንም አይጎዳችሁም።

ጎጃም በረንዳ

እኔ ከገጠር እንደመጣሁ አራት ዓመት ሎተሪ አዙሬያለሁ። በሻጭ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

እኛም ገድ አለን። ጠዋት የመጀመሪያውን ብር ስንቀበል ስመን ግንባራችንን እናስነካዋለን፣ ከዚያ ትኬቶቹን በብሩ ዳበስ ዳበስ። መጀመሪያ የገዛው ሰው ደስ ብሎት ከገዛ ቀኑ ይቀናል። ነካክቶ መርጦ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ የሄደ እንደሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ይከብዳል። ይህን የምላችሁ እንድትገዙ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት አዟሪ ሲከፋው ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

የገዢውም ዓይነቱ ብዙ ነው። ጥቅሉን በሙሉ ተቀብሎ ከመሀል የሚመዝ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነሳ አለ። «የልጅ እጅ ንጹሕ ነው፣ አንተ ስጠኝ» የሚሉ እናቶች ነበሩ፣ እኔ ያኔ አስራ አራት ዓመቴ ነው፣ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ የታክሲ ሹፌር ደግሞ ነፋስ ወስዶ መሬት ላይ የጣለውን ትኬት ነው የሚገዛኝ፤ «ወድቆ የተነሳ ነው» ይላል። በሦስት ዜሮ የሚያልቅ ትኬት ግን ማንም አይነካም። ሁልጊዜ እኔ ዘንድ የሚቀረው እሱ ነበር።

ዘዴ ላላችሁት፣ የማውቀው ትልቁ ዘዴ ይሄ ነው፤ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ሰው የመጀመሪያውን ዕጣ ያያል፣ አልገጠመም፣ ቀድዶ ይጥላል። ዕጣ በወጣ ማግስት እኔና ጓደኞቼ ካፌ በር ላይና ታክሲ ተራ የተጣለ ትኬት እንለቅም ነበር። በየጊዜው ሁለት ሦስት የመጨረሻ ቁጥሩ የገጠመ እናገኛለን፣ አንድ ጊዜ የመጨረሻ ሦስት ቁጥሩ የገጠመ አግኝቼ ለክረምቱ ጫማ ገዝቼበታለሁ። ያ ሰው ማን እንደነበር እስከዛሬ አስባለሁ።

ሌላው፣ ትኬት ወረቀት ነው። አንዲት እናት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ረሱትና ነጠላውን አጠቡት። ደርቆ ሲፈቱት ተጣብቆ እንደ ሊጥ ሆኗል። ይዘውልኝ መጡ። በጥፍሬ ቀስ ብዬ ልፈታው ሞከርኩ፣ የታየኝ አንድ 3 እና ግማሽ ዜሮ ብቻ ነው። ወጥቶላቸው ይሁን አይሁን እሳቸውም እኔም አላወቅንም። «ይሁን፣ ባይሆን ነው» ብለው ሄዱ። አሁን ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ በገዛችሁበት ደቂቃ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት። ፎቶው ብር አያስከፍልም፣ ግን ዝርዝሩን ለማየትም ለምስክርም ይሆናል።

አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሟችሁ «ሎተሪ ወጥቶልኛል፣ ከገጠር ነው የመጣሁት፣ መታወቂያ የለኝም፣ ግማሹን ስጡኝና እናንተ ውሰዱት» ካላችሁ ሂዱ። አጠገቡ የማያውቀው መስሎ «አዎ እውነት ነው፣ ቁጥሩ ጋዜጣ ላይ አለ» የሚል ሁለተኛ ሰው ይኖራል። ሁለቱ አብረው ናቸው። ትኬቱ ላይ አንዷ ቁጥር ተፍቃ ተስተካክላለች። ወርቃቸውን አውልቀው የሰጡ ሴቶች በዓይኔ አይቻለሁ። በስልክ «እንኳን ደስ ያለዎት ተሸልመዋል፣ ለማስፈጸሚያ ይህን ያህል ላኩ» የሚለውም ያው የእሱ ወንድም ነው። ያልቆረጣችሁት ሎተሪ አይወጣላችሁም።

እናት መርካቶ

እኔ ሎተሪ በሃይማኖቴ አልቆርጥም፣ ቁማር ነው። ዕጣ ግን አውቃለሁ፤ ሃያ ምናምን ዓመት እቁብ ውስጥ ነኝ። እቁብ የራስን ገንዘብ ነው የምታወጪው፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል፣ ዕጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው። ተራውም ቢሆን ቀላል እንዳይመስልሽ። ዕቃ በየወሩ በሚጨምርበት ጊዜ መጀመሪያ የወሰደና መጨረሻ የወሰደ ሰው በአንድ ብር አንድ ዕቃ አይገዙም። ለዚያ ነው ዕጣ ሲወጣ ልባችን የሚመታው።

የኛም እቁብ ውስጥ ገድ የሚባለው ብዙ ነው። ሕፃን ልጅ ነው ዕጣ የሚያወጣው። ከባሏ ተጣልታ የመጣች ዕጣ አይወጣላትም ይባላል፣ ብዙዎቻችን በዕጣው ጠዋት ቤት ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። እሱስ በየቀኑ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዕጣ የወጣላት ሴት ስትመርቅሽ አሜን ማለት አለብሽ፣ ቀጣዩ ላንቺ ይሆናል።

የማልረሳው ግን ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ አርባ ሰው የነበረበት የሳምንት እቁብ ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያዎቹን ዕጣዎች በተከታታይ የሚወስዱት የአንድ ሰው ዘመዶች ሆኑ። እኛ «ገዳቸው ቀና» እያልን ነው። አንድ ቀን ልጅቷ የያዘቻትን ዕጣ ተቀብዬ ስፈታ ወረቀቷ ደርቃ ተሰማችኝ። ሌሎቹ ከደብተር የተቀደዱ ናቸው፣ ይህቺ ከክላሴር ላይ የተቆረጠች ናት። በእጅ ብቻ ትለያለች። ልጅቷ ጠንከር ያለችውን እንድታነሳ ተነግሯት ኖሯል። አልተጯጯህንም፤ ገንዘባችንን ተሳስበን እቁቡን አፈረስነው።

ከዚያ ወዲህ በምገባበት እቁብ ሁሉ ይህን ነው የምለው። ስም በአንድ ደብተር፣ በአንድ እስክሪብቶ ይጻፍ። ሁሉም ፊት በመቀስ እኩል ይቆረጥ። ከመታጠፉ በፊት ይቆጠር፣ የወሰዱት ሰዎች ስም ተቀዳዶ ይጣል። ዕጣው ጆግ ውስጥ ይግባና ይናጥ። ልጁ ደግሞ በየሳምንቱ ይቀየር፣ ከመንገድ የተገኘ ይሁን። ልጄ፣ እናንተም ትኬቱን ማን ይግዛ ከምትሉ ማን ያስቀምጠው በሉ። ትኬት ላይ ስም የለም። የእናንተ እማማ ገዝተው ሰባቱንም ሳያጎድሉ ማምጣታቸው ነው እርጥብ እጅ ማለት።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጥያቄው የሎተሪ ነው፣ እኔ ግን ዕጣ ሲባል ዲቪ ነው ትዝ የሚለኝ። አሜሪካ ከመጣሁ ቆይቻለሁ።

እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላ ነበር። እኔ አላወቅኩም። ስሞላ የምታደርገው ነገር ቢኖር በሩ ላይ ቆማ ማማተብ ነው። ሲደርሰኝ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ድረስ ሄዳ ስለቷን አስገባች፣ በአውቶቡስ፣ ጥላውን እንደ ሕፃን ታቅፋ። ዛሬም ድረስ የደረሰኝ በእሷ ስለት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ማንም ይህን አያስለውጠኝም።

ግን ያን ዓመት በሞኝነት ልሰረዝ ነበር። ኢንተርኔት ቤት የሚሞላው ልጅ «ሁለት ጊዜ ልሙላልሽ፣ ዕድልሽ እጥፍ ይሆናል» አለኝ። ብሩን ላወጣ ነው። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ልጅ ናት እጄን የያዘችኝ። አንድ ሰው በአንድ ዙር ከአንድ ጊዜ በላይ ከሞላ ይሰረዛል፣ ሁለቱም ነው የሚጠፋበት። በሕግ የተፈቀደው እጥፍ ዕድል የባልና የሚስት ነው፤ ሁለቱም መስፈርቱን ካሟሉ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይሞላሉ፣ አንዱ በሌላው ፎርም ላይ ይገባል፣ ለአንዱ ከደረሰ አብረው ይሄዳሉ። ቶሎ የሞላም መጨረሻ የሞላም እኩል ነው፣ ኮምፒውተሩ ነው የሚመርጠው። መጨረሻ ቀን ላይ ግን መስመሩ ይጨናነቃልና አትጠብቁ።

የማረጋገጫ ቁጥሩን ደግሞ ራሳችሁ ያዙት። የሞላላችሁ ሰው ጋ አትተዉት። የጎረቤታችን ልጅ ቁጥሩን የሞላለት ሰው ይዞበት፣ ደርሶት እንደነበር የሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ልጅ ስቆ አላየሁትም።

ጠመኔ

እናት መርካቶ ያሉትን ሳነብ አንድ ነገር ልጨምር ብዬ ተመለስኩ። እኔ እማማን እልካቸው ነበር። እጃቸው ቁጥር ይለውጣል ብዬ አላምንም። ግን ሰባት ሰው ያለ ፊርማ የሚያምነው አንድ ሰው ከተገኘ እሱ ነው መሄድ ያለበት። የማውቃቸው መምህራን አብረው ቆርጠው ደህና ዕጣ ወጣላቸውና ትኬቱን የያዘው ሰው «የወጣው የግሌ ነው፣ የጋራችን ሌላኛው ነበር» አለ። የትኛው የማን እንደነበር ማንም አልጻፈም። እስከዛሬ በአንድ ስታፍ ሩም ሰላምታ የማይለዋወጡ አሉ። ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፉ፣ ሰባታችሁም ፈርሙ።

ሰባተኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ለሁሉም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የልደታው፣ ያንተ አባት ነገር ላይ ድምፄ ተቆረጠ።

ዛሬ እማማ ጋ ደወልን። «ጡረታ የወጣሁት ከመጥረጊያው ነው እንጂ ከእናንተ ነው?» አሉና በታክሲ መጡ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ሹሩባ ተሠርተዋል፣ ቢሮው ሁሉ ተነስቶ ሳማቸው። ብር አዋጥተን ሰጠናቸው፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ድርሻ ለእሳቸው እንዲሆን ተስማምተናል፣ ትኬቱም ስምንት ሆነ። መጨረሻቸው የተለያየ ይሁን አልናቸው። ሒሳብ ክፍል ያለው ልጅ ደረጃው ድረስ ተከትሎ «7 እንዳይረሳ» ሲላቸው «ልጄ፣ ካለ አመጣልሃለሁ» አሉት።

መጡ። ጠረጴዛ ላይ በተራ አስቀመጥናቸው። መጨረሻቸው 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 9። ፎቶ ተነሱ፣ በቴሌግራም ለስምንታችንም ተላኩ፣ ቁጥሮቹ ተጽፈው ፈረምንበት። ዋናዎቹን እማማ በመሀረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። በ7 የሚያልቅ ሻጩ ጋ አልተገኘም፤ ጠዋት አንድ ሰውዬ በ7 የሚያልቁትን በሙሉ ለቅሞ ገዝቷቸዋል አሉ። ልጁ ግን ብሩን አላስመለሰም።

መዳፌንም እስካሁን አልበላኝም። ዕጣው ሲወጣ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ አንብቤ እነግራችኋለሁ።